የማጣሪያ ከሰል መቼ ይለወጥ? በመለያ ወረቀቶችና በተማሪ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

በወልድያና በመርሳ ሱቆች የሚሸጡትን የቤት ውሃ ማጣሪያዎች ያየ ሰው፥ በካርቶናቸው ላይ «ከሰሉን በየስድስት ወሩ ይለውጡ» የሚል ወይም ይህን የመሰለ ትእዛዝ ማንበቡ አይቀርም። አንዳንዱ ሦስት ወር ይላል፤ አንዳንዱ ዓመት ይላል። ቤተ ሰቡ በቀን ስንት ሊትር እንደሚጠቀም፥ ውሃው ከቧንቧ ይሁን ከጉድጓድ ወይስ ከምንጭ፥ ከሰሉስ ምን እንዲያስቀር እንደ ተፈለገ የሚጠይቅ ወረቀት ግን እስካሁን አላጋጠመንም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ የቀን መቁጠሪያ ትእዛዝ ነው። ይሁን እንጂ ነቀፌታችን በነጋዴው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ፥ ስለ ከሰል በሚጻፉት የተማሪ ጥናቶች ላይም አስተያየት እንጨምራለን። ነጋዴው በወር ቁጥር የሸፈነውን ጥያቄ ተማሪው በመቶኛ ቁጥር ሲሸፍነው እናያለንና።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለውን በዚህ ጽሑፍ «ማጣሪያ ከሰል» እንለዋለን። በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር በጆንያ ከሚሸጠው የማገዶ ከሰል ጋር ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። የማገዶው ከሰል በአፈር ተዳፍኖ የከሰለ እንጨት ነው። ማጣሪያው ከሰል ግን ከከሰለ በኋላ እንደገና በ800 ወይም በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በእንፋሎት የተመታ፥ አለዚያም አስቀድሞ እንደ ፎስፎሪክ አሲድ ባለ ኬሚካል ተነክሮ የተቃጠለ ሲሆን፥ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ አንድ ግራም ከሰል ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ገጽ ይኖረዋል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር የሚያዘው በዚህ ገጽ ላይ እየተለጠፈ ነው፤ በወንፊት እንደሚቀር እብቅ አይደለም። ገጹ ሲሞላ ከሰሉ ጠገበ እንላለን።

የአጠጋገቡ ሥርዓት ነው ለክርክራችን መሠረት የሚሆነው። ውሃ ከላይ ወደ ታች በከሰል አልጋ ውስጥ ሲያልፍ መላው ከሰል በአንድ ጊዜ አይጠግብም። በጊራና ሸለቆ መስኖ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ቦዩ ሲከፈት መጀመሪያ የላይኛው መደብ ይጠጣል፥ እርሱ ሲጠግብ ውሃው ወደሚቀጥለው ይወርዳል፥ የመጨረሻው መደብ ባለቤት ግን ከእርሱ በላይ ያሉት ሁሉ እስኪጠግቡ ድረስ ጠብታ አያይም። በከሰሉም ውስጥ እንዲሁ የጠገበው ክፍል ወሰን ከቀን ወደ ቀን ወደ ታች ይወርዳል። ወሰኑ ገና በአልጋው መካከል ሳለ ከታች የሚወጣው ውሃ እንደ መጀመሪያው ቀን ንጹሕ ነው። ወሰኑ ታች በደረሰ ጊዜ ግን የማይፈለገው ነገር ማምለጥ ይጀምራል፤ ማምለጡም በየቀኑ እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ግማሹ የጠገበ ከሰልና ሊያመልጠው አንድ ቀን የቀረው ከሰል በወጪው ውሃ ፊት አይለያዩም። መለወጫውን ጊዜ ማወቅ አስቸጋሪ የሆነውም፥ የወር ትእዛዝ የተወደደውም በዚህ ምክንያት ይመስለናል። የማይታይን ነገር በቀን መቁጠር ልብ ያሳርፋል።

ከወር ቁጥር ሌላ ሰዎች የሚተማመኑበት ምልክት የውሃው መልክ ነው። ይህ እምነት የራሱ ታሪክ አለው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1785 ሎቪትስ የተባለ የሴንት ፒተርስበርግ የኬሚስትሪ ሊቅ ከሰል የጠቆረ ፈሳሽን እንደሚያነጣ አስተዋለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአውሮጳ ስኳር ፋብሪካዎች ሽሮፓቸውን በተቃጠለ አጥንት ከሰል እያሳለፉ ያነጡት ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ዓይን የታመነ ዳኛ ነው፤ እንዲወገድ የተፈለገው ነገር ራሱ ቀለም ስለሆነ፥ ሠራተኛው ሽሮፑ ሲደፈርስ ባየ ጊዜ ከሰሉን ይለውጠዋል። ነገር ግን ዳኛው በአንድ ችሎት ስለ ታመነ በሁሉም ችሎት ይቀመጥ ማለት አይደለም።

ጥያቄውን እስከ ዝርዝሩ የተከራከሩበት ሰዎች፥ ለአንባቢያችን እንግዳ ቢመስልም፥ ኮራልን በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች ናቸው። ወሎ ኮራል የለውም፤ የሐይቅ ውሃም ባሕር አይደለም። ሆኖም የእነዚህ ሰዎች ልምድ ለእኛ ጥያቄ መልካም ምሳሌ ይሆናል፤ ምክንያቱም ገንዳቸው ዝግ ነው፥ ዓሣውና ኮራሉ የሚያወጡት፥ ከምግብ ትርፍና ከአልጌ የሚመጣው ነገር ሁሉ በዚያው ውሃ ውስጥ ይከማቻል፥ ውሃውም ቀስ በቀስ ብጫ ይሆናል። ብጫውን ለማስወገድ ማጣሪያ ከሰል ያስገባሉ። ከሰሉ መቼ ይለወጥ ለሚለው ከጥንት የሚሰጡት መልስ «በየወሩ» ነበር። ከእነርሱ መካከል ብልሆቹ ግን ሌላ ዘዴ አወጡ። ግማሹ ነጭ ግማሹ ፈዘዝ ያለ ብጫ የሆነ የፕላስቲክ ቁራጭ በገንዳው አንድ ጫፍ ያስቀምጡና ከሌላው ጫፍ በውሃው ርዝመት ሁሉ ያዩታል። ነጩና ብጫው ካልተለያዩ ውሃው ራሱ ነጩን ብጫ አድርጎታልና ከሰሉ ሥራውን ትቷል ማለት ነው።

ይህን ዘዴ እናደንቃለን፤ ቀንን ሳይሆን ውሃን ይጠይቃልና። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ቀለም ያለውን ብቻ ይመሰክራል። በተጨማሪ ዓይን ለውጡን የሚያየው ከዘገየ በኋላ ነው፤ በባሕር ገንዳ ደግሞ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ኮራል በሰውነቱ ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ አልጌዎች ጋር ተባብሮ የሚኖር እንስሳ ነው፤ አልጌዎቹም ብርሃን ይፈልጋሉ። ለወራት ብጫ ሆኖ ብርሃኑን ሲያዳክም የቆየ ውሃ ብዙ አዲስ ከሰል ገብቶበት በአንድ ቀን ቢጠራ፥ ኮራሉ ያልለመደው ብርሃን በድንገት ይወርድበትና አልጌውን አስወጥቶ ይነጣል። ባለ ገንዳው መልካም ሥራ ሠራሁ ባለበት ሳምንት ጉዳት ያያል። ስለዚህ ጥቂት ከሰል ቶሎ ቶሎ መለወጥ፥ ብዙ ከሰል አስገብቶ ከመርሳት ይሻላል።

በ2008 (እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ኬን ፌልድማን ከአንዲት ባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት ነገሩን ወደ ቁጥር መልሶታል። ሮዝ ቤንጋል የተባለውን ቀይ ቀለም በውሃ ውስጥ እየጨመረ፥ የከሰሉ መጠንና የውሃው ፍጥነት ሲለዋወጥ ቀለሙ በምን ያህል ጊዜ እንደሚወገድና ከሰሉ መቼ እንደሚደክም ለካ። ለአንድ ገንዳ የሚበቃ ከሰል ለሌላው አይበቃም፤ ጊዜው በከሰሉ ክብደት፥ በውሃው ብዛትና በውሃው ጭነት ይወሰናል። ለሁሉ የሚሆን አንድ የወር ቁጥር ከዚህ ስሌት አይወጣም። በዚሁ አጋጣሚ በባለ ገንዳዎች ዘንድ የተስፋፋውን «የጠገበ ከሰል የያዘውን ሁሉ መልሶ ይተፋል» የሚለውን ፍርሃት እንደ ተጋነነ እንቆጥረዋለን። አጥብቆ የሚያዝ ነገር ላልቶ የተያዘውን ሊያፈናቅለው ይችላል፤ ነገር ግን ዋናው ችግር ከሰሉ መትፋቱ ሳይሆን ከእንግዲህ አለመያዙ ነው።

ወደ ወልድያ እንመለስ። በቧንቧ የሚመጣው ውሃ በክሎሪን የተጣራ ሲሆን ብዙው ሰው ማጣሪያ የሚገዛው ጣዕሙን ለማሻሻል ነው። ስለዚህ «ክሎሪኑ ከሸተተህ ለውጠው» የሚለው ምክር የተለመደ ሆኗል። ምክሩ ትክክል የሚመስልና የሚያሳስት ነው። ከሰል ክሎሪንን የሚያስወግደው እንደ ሌላው ነገር በገጹ ላይ ይዞ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ ወደ ክሎራይድ በመለወጥ ነው። ይህም ችሎታው ሌሎቹን የሟሟ ነገሮች የመያዝ ችሎታው ካለቀ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በሐብሩ የአትክልትና የፍራፍሬ እርሻ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ወደ ጉድጓድ ቢደርስና ከሰሉ እርሱን እንዲያስቀር ቢፈለግ፥ ምላስ «ክሎሪን የለም፥ ከሰሉ ደኅና ነው» ብላ ስትመሰክር መድኃኒቱ ከሥር እያለፈ ሊሆን ይችላል። ምላስ የምታውቀውን ብቻ ነው የምትናገረው።

ከዚህ የባሰም አለ። ከሰል ጀርም አይገድልም። እንዲያውም ክሎሪኑን ካስወገደ በኋላ፥ የያዘው ቆሻሻ ለጀርም ምግብ፥ ገጹም መኖሪያ ይሆናል። ውሃ አጋር በጄሪካኑ ጨምሮ፥ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፥ ከዚያ ውሃውን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ በእንስራ የሚያስቀምጥ ቤተ ሰብ የከፈለበትን ጥበቃ በገዛ እጁ አውጥቶ ጣለው። በእንስራው ውስጥ ሊቆይ የሚገባው፥ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ያህል የተባለው ክሎሪን፥ በከሰሉ ውስጥ ቀርቷል። ልጅ ባልታጠበ ጣሳ ቢጠልቅበት የሚከላከል ነገር የለም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ ከሰሉ ይቅደም፥ ክሎሪኑ ይከተል። ይህን የሚል አንድ መስመር ከስድስት ወሩ ትእዛዝ ይልቅ በካርቶኑ ላይ መጻፍ የተገባው ነበር።

የወር ትእዛዙ እንዴት እንደሚፈርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩ ጊዜ መብራት ጠፋ፥ ቧንቧም ደረቀ። በእነዚያ ወራት አንዱ ማጣሪያ ደርቆ ያለ ሥራ ተቀምጦ ይሆናል፤ በሌላው ውስጥ ደግሞ የክረምት ወንዝ ውሃ ሲያልፍ ከርሞ ይሆናል። ሁለቱም በወረቀቱ ፊት እኩል አርጅተዋል።

አሁን ዓይንም ምላስም ፈጽሞ የማይረዱበትን ጉዳይ እናንሣ። ጉዳዩ የሐብሩ ሳይሆን የስምጥ ሸለቆው ነው፤ ነገር ግን ጥያቄያችን በአገራችን ከሁሉ ይልቅ ከብዶ የታየው በዚያ ስለሆነ ልናልፈው አልወደድንም። በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበላሻል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱ እየደነደነ ወገቡ እስከ መጉበጥ ይደርሳል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ይህ ነው። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ በዚህ መጠን ጣዕምም የለውም። እርሱን ለማስወገድ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የአጥንት ከሰል ነው፤ ኤዋግ የተባለው የስዊስ የውሃ ምርምር ተቋምም ከአገር ውስጥ ድርጅት ጋር ሆኖ በስምጥ ሸለቆ ሠርቶበታል። የስኳር ፋብሪካዎች ለማንጣት የተጠቀሙበት ያው የአጥንት ከሰል እዚህ ለሌላ ሥራ ተጠራ።

በዚህ ላይ አንድ የስም ስሕተት እንነቅፋለን። የአጥንት ከሰል «ከሰል» ስለ ተባለ ብዙ ሰው ፍሎራይድን የሚይዘው ካርቦኑ ይመስለዋል። ካርቦኑ ግን ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ፍሎራይድን የሚይዘው ዋናው ክፍል፥ ይኸውም የአጥንቱ የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ነው። ከእንጨት ወይም ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ተራ ማጣሪያ ከሰል ገዝቶ ፍሎራይድን አስወገድሁ የሚል ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም አጥቷል። (የአጥንቱ ነገር ሌላ ጥያቄም ያስነሣል፤ የማን እርድ ነው፥ የምን እንስሳ ነው የሚለው። በሐብሩ እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ሳይጠይቅ ውሃውን አይጠጣም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው።)

ለምሳሌ ያህል ስሌት እንሥራ። አንድ ቤተ ሰብ ለመጠጥና ለወጥ በቀን አንድ ጄሪካን፥ ማለት 20 ሊትር፥ ይጠቀማል እንበል። ማጣሪያው 5 ኪሎ የአጥንት ከሰል ይዟል፤ እያንዳንዱ ኪሎ እስኪጠግብ 2 ግራም ፍሎራይድ ይይዛል ብለን እንውሰድ፤ በጠቅላላው 10 ግራም ይሆናል። ውሃው በሊትር 8 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ካለው በቀን 160 ሚሊ ግራም ይገባል፤ ከሰሉ በ62 ቀን ያልቃል። ውሃው በሊትር 2 ሚሊ ግራም ብቻ ካለው በቀን 40 ሚሊ ግራም ይገባል፤ ከሰሉ 250 ቀን ይቆያል። እንግዲህ ለሁለቱም «በየስድስት ወሩ» ብንላቸው፥ የመጀመሪያው ቤተ ሰብ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፍሎራይዱን ይጠጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ገና 70 ቀን የሚያገለግል ከሰል ይጥላል። በእውነተኛው ሥራ ላይ ማምለጡ ከዚህ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ ስሌታችን ለትእዛዙ የራራ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ክርክር መካከል እናቶቻችን የወተት ዕቃን በወይራ ማጠናቸውን እያነሡ «ይህ አክቲቬትድ ካርቦን አይደለምን?» ይላሉ። አይደለም። ጭስ በቅሉ ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ሽታ ይሰጣል፥ ጀርምንም በመጠኑ ያዳክማል፤ ከወተቱ የሟሟ ነገር እየሳበ የሚይዝ ገጽ አይደለም። የአገር ልማድን ለማክበር ሲባል ያልሆነውን ነው ማለት ልማዱንም ሳይንሱንም አያከብርም። ልናከብረው የሚገባ ሌላ ነገር ግን በልማዱ ውስጥ አለ። ዕቃውን እንደገና መቼ እንደምታጥን የምታውቅ ሴት ቀን አትቆጥርም፤ ወተት ከማፍሰሷ በፊት አፏን ወደ ቅሉ አስጠግታ ታሸታለች። የምትፈትነው ዕቃውን ራሱን ነው፤ ምልክቷም ለምትፈልገው ጉዳይ የተገባ ነው።

አሁን ስለ ተማሪዎች ጥናት። ስም ጠርተን ማንንም አንነቅፍም፤ ሥርዓቱ የጋራ ነውና። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከቡና ገለባ፥ ከጫት እንጨትና ከሌላም ትርፍ ነገር ማጣሪያ ከሰል ስለ መሥራት ብዙ ተጽፏል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማንጎዋ ለታወቀችው ለመርሳም የፍሬው ድንጋይ በየመንገዱ ከሚጣል እንዲህ ያለ ጥቅም ቢያገኝ ደስ ይለናል። ነገር ግን ያነበብናቸው አብዛኞቹ ጽሑፎች አንድ መንገድ ይከተላሉ። የተፈጨውን ከሰል በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከሜቲሊን ብሉ ቀለም ጋር ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያናውጡታል፤ ቀለሙ ከመቶ ይህን ያህል ተወገደ ይላሉ፤ ውጤቱን በ1918 ላንግሙዬር ባወጣው ቀመር ላይ ያስቀምጡና «ከሰሉ ለውሃ ማጣሪያ ተስማሚ ነው» ብለው ይደመድማሉ።

መቶኛው ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከሰሉ ሲበዛ መቶኛው ይበዛል፤ በቂ ከጨመሩበት የምድጃ ከሰልም ሊያነጣ ይችላል። የላንግሙዬር ቁጥር ከዚህ ይሻላል፤ አንድ ግራም እስከ መጨረሻው ስንት እንደሚይዝ ይናገራል። ግን የሚናገረው በተጣራ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንድ ቀለም ብቻውን ስለ መኖሩ፥ ጊዜውም እስኪበቃው ስለ መሰጠቱ ነው። በሐምሌ ከጅረት የተቀዳ ውሃ ግን ከቅጠልና ከአፈር የሟሟ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ያ ሁሉ በዚያው ገጽ ላይ ለቦታ ይሻማል። ውሃውም በማጣሪያው ውስጥ የሚቆየው ለሁለት ሰዓት ሳይሆን ለደቂቃዎች ነው። ስለዚህ የብርጭቆውን ቁጥር ወደ ጄሪካን ቁጥር የሚመልስ መንገድ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ አናገኝም። ባለ ቤቷ «ስንት ጄሪካን ካጣራሁ በኋላ ልጣለው?» ብላ ብትጠይቅ ደራሲው የሚመልስላት የለውም።

የተማሪውን ችግር አንረሳም። የምርምሩ ጊዜ አጭር ነው፥ ፓምፕ የለም፥ ሙከራው በተጀመረበት ቀን መብራት ይሄዳል፤ በብርጭቆ የሚሠራው ሙከራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፥ የቱቦው ሙከራ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ቢሆንም ፓምፕ የግድ አይደለም። ጄሪካን በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ውሃው በክብደቱ ቢወርድ፥ ከሥር ከሰል የተሞላ የፕላስቲክ ቱቦ ቢኖር፥ በየአምስት ሊትሩ አንድ ጠርሙስ ናሙና ቢያዝ ሙከራው ተሠራ ማለት ነው። ውሃው ደግሞ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ የመጣ እንጂ የላቦራቶሪ ውሃ አይሁን።

«ቤተ ሰብ ሊለካ አይችልም፤ ስለዚህ የወር ትእዛዝ ከምንም ይሻላል» የሚል መልስ እንደሚመጣብን እናውቃለን። ቤተ ሰብ ፍሎራይድን ሊለካ አለመቻሉ እውነት ነው፤ ጄሪካን ሊቆጥር ግን ይችላል። ቁጥሩን ማውጣት የላቦራቶሪው ሥራ፥ መቁጠሩ የቤቱ ሥራ ይሁን። በግድግዳ ላይ በከሰል የተሠመረ መስመር ከካርቶኑ ላይ ከታተመው ወር የበለጠ እውነት ይይዛል፤ ያለፈውን ውሃ ይመሰክራልና። ለትምህርት ቤት፥ ለሆቴልና ለጤና ጣቢያ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ሁለት የከሰል ዕቃዎች በተከታታይ ይቀመጡ፥ በመካከላቸውም ትንሽ ቧንቧ ይኑር። ናሙና የሚወሰደው ከመካከለኛው ቧንቧ ነው። እዚያ ማምለጥ ሲታይ ሁለተኛው ዕቃ ገና እየጠበቀ ስለሆነ የሚጠጣ ሰው አይጎዳም። የመጀመሪያው ከሰል ይጣላል፥ ሁለተኛው በመጀመሪያው ቦታ ይገባል፥ አዲሱ ከኋላ ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ከሰል ሳይተርፍበት እስኪጠግብ ያገለግላል። ሲጠግብ በቤት ምድጃ አቃጥሎ ማደስ ይቻላል የሚሉም አሉ፤ የምድጃው እሳት ያን ሙቀትና እንፋሎት ስለማይሰጥ፥ አየር ባለበትም ከሰሉ ራሱ አመድ ስለሚሆን አንመክረውም።

በመርሳ ማንጎ ድንጋይ ላይ ለመሥራት ያሰቡ ጓደኞቻችን እንዳሉ ሰምተናል። ጽሑፋቸው በዚህ መጽሔት የሚወጣ ከሆነ፥ ከመቶኛው አጠገብ አንድ ሠንጠረዥ እንዲጨምሩልን እንጠይቃለን፤ በአንደኛው ዓምድ ያለፈው ሊትር፥ በሁለተኛው በወጪው ውሃ የተገኘው መጠን፥ ከሥሩም ውሃው ከየትኛው ምንጭና በየትኛው ወር እንደ ተቀዳ።